«ያገለገለ» ስለሚለው ቃል፦ የሠርግ ካሜራ ዋጋ አተማመን ታሪክ ከቃላት አንጻር

በሽያጭ ውል፣ በጨረታ ማስታወቂያና በጉምሩክ ቅጽ ውስጥ ዘወትር ከምናገኛቸው ቃላት አንዱ «ያገለገለ» የሚለው ነው። ያገለገለ መኪና፣ ያገለገለ ማቀዝቀዣ፣ ያገለገለ ካሜራ ይባላል። ፍቺው ለማንም ግልጽ ስለሚመስል በተርጓሚዎች ዘንድ ክርክር ሲያስነሣ አይታይም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ቃሉ ከሚታሰበው በላይ የሚናገር፣ አንዳንድ ጊዜም ሊናገረው የሚገባውን የሚሸፍን መሆኑን በአንድ ሙያ ታሪክ ማሳየት ነው። ለዚህም የተመረጠው ለሠርግ ሥራ የሚገዛ ካሜራ ነው። ሠርግ አይደገምም፤ ቀለበቱ ሲታሰር ካሜራው እንቢ ቢል ሙሽሮቹን እንደ ገና አቁሞ ማሰር አይቻልም። በመሆኑም በማስታወቂያው ላይ የተጻፈው ቃል ጉድለት ቢኖርበት ጉዳቱ ወዲያው በገንዘብና በኀዘን ይከፈላል።

ከቃሉ ቅርጽ እንነሣ። እንግሊዝኛ፣ ጀርመንኛና ጣሊያንኛ ለዚህ ነገር የሚጠቀሙባቸው ቃላት ሁሉ ተደራጊ ናቸው፤ «ሰው የተጠቀመበት» እንደ ማለት ነው። ዐረብኛም «ሙስተዕመል» ሲል ያንኑ የተደራጊነት ቅርጽ ይይዛል። ፈረንሳይኛ ከእነዚህ ወጣ ብሎ ዕቃውን «የአጋጣሚ» ይለዋል፤ ትኩረቱ ገዢው ባገኘው ዕድል ላይ ነው። በአማርኛ ግን ባለቤቱ ዕቃው ራሱ ነው፤ ግሡም አድራጊ ነው። ካሜራው አገልጋይ ሆኖ ቆይቷል፤ አገልግሏል። «ሠላሳ ዓመት ያገለገሉ መምህር» ስንል ምስጋና ነው፤ ያንኑ ቃል ለዕቃ ስንሰጠው ዋጋ መቀነሻ ይሆናል። የሆነ ሆኖ የቃሉ ውስጣዊ መለኪያ አልተለወጠም፦ የሚለካው የተሠራው ሥራ ነው። በአንጻሩ «አሮጌ» የሚለው ቃል የሚለካው ዕድሜን ነው። ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ሃያ ዓመት የቆየ ካሜራ አሮጌ ነው እንጂ ያገለገለ አይደለም፤ ከገበያ በወጣ በዓመቱ ሰባ ሠርግ የዞረ ካሜራ ደግሞ ያገለገለ ነው እንጂ አሮጌ አይደለም። «ሁለተኛ እጅ» የሚለው ትርጉማዊ ውሰት ከሁለቱም ይለያል፤ እርሱ የሚቆጥረው የባለቤቶችን ቁጥር ነው፤ ስለ ዕቃው ሁኔታ ምንም አይናገርም። «ሳልባጅ» በልብስ ላይ ተወስኖ ስለ ቀረ እዚህ አይመለከተንም።

ሦስት ቃላት ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ይለካሉ ማለት ነው። በዕለት ንግግር አንዱ በሌላው ቢተካ ብዙ ጉዳት የለውም። በካሜራ ታሪክ ውስጥ ግን ዕድሜና አገልግሎት አንዳንድ ጊዜ አብረው ሲሄዱ፣ አንዳንድ ጊዜ ፈጽሞ ሲለያዩ ይታያል፤ ዋጋ ተማኙም ሆነ ተርጓሚው የሚሳሳተው በሚለያዩበት ጊዜ ነው።

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት ስለ ሙያው ቃላት አንድ ነገር ማስታወስ ያስፈልጋል። አማርኛ ለፎቶግራፍ ሥራ ግሦቹን ከራሱ ሰጥቶ የመሣሪያዎቹን ስም ከውጭ ተቀብሏል። ፎቶግራፍ ይነሣል፣ ፊልም ይታጠባል፣ ምስል ይጎላል፤ መታወቂያ ላይ የሚለጠፈው «ጉርድ» ነው፤ ሥራው የሚሠራበትም «ፎቶ ቤት» ነው። «ማሳጠብ» የሚለው ግሥ ፊልምና ኬሚካል ከቀሩ በኋላም አልሞተም፤ ዛሬም ሰው ከስልኩ ላይ ያለውን ምስል በወረቀት ሲያሳትም «ፎቶ አሳጠብሁ» ይላል። ዘመድ ቋንቋዎች በዚህ ረገድ ሌላ መንገድ ሄደዋል። ትግርኛ «ስእሊ» የሚለውን ቃል ለእጅ ሥዕልም ለፎቶግራፍም አስፍቶ ተጠቅሞበታል፤ ፎቶግራፍ ተነሣ ለማለትም «ተሳእለ» ይላል። ዕብራይስጥ «ጺሉም» ሲል «ምስል» የሚል ትርጉም ካለው «ጼሌም» ከሚለው ቃል አውጥቶታል። ሌንስንም ዕብራይስጥና ዐረብኛ እንደ ላቲኑ ሁሉ በምስር ስም ሰይመውታል፤ በአማርኛ ትምህርታዊ ጽሑፎች ውስጥ የሚገኘው «ምስሪት» የዚሁ መንገድ ተከታይ ነው፤ ሆኖም ከፎቶ ቤቶች ደጅ አልገባም። ባለሙያው ሌንስ፣ ሹተር፣ ፍላሽ፣ ቦዲ ይላል። ከዚህ የተነሣ ስለ ድርጊቱ የምንናገርበት ቃል ሲሞላን፣ መሣሪያው እንዴት እንደሚደክም የምንናገርበት ቃል ያንሰናል። «ያገለገለ» የሚለው ቃል ከዐቅሙ በላይ የተሸከመው በዚህ ክፍተት ምክንያት ይመስለኛል።

የዳጌር የፎቶግራፍ ዘዴ በፓሪስ ለሕዝብ ይፋ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1839 ነው (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት ካሜራ ከባድ ሣጥን፣ ፊልሙም የብርጭቆ ሰሌዳ ስለ ነበር ካሜራው ወደ ሠርግ አይሄድም ነበር፤ ሙሽሮች ወደ ካሜራው ይሄዱ ነበር። በአገራችንም ሙያው በቤተ መንግሥትና በፎቶ ቤት ዙሪያ ነው የጀመረው፤ ለዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ ያነሡ የነበሩት አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያንና ሙያውን የወረሱት ልጆቻቸው በዚህ ረገድ የታወቁ ናቸው። በዚያ ዘመን ካሜራን መተመን እንደ ማንኛውም የእንጨትና የነሐስ ዕቃ ነበር። እንጨቱ ካልተሰነጠቀ፣ የቆዳው እጥፋት ካልተበሳ፣ ብርጭቆው ካልተጫረ ካሜራው ደህና ነው። ዕድሜ ለብቻው ዋጋ አይጥልም ነበር፤ ብርሃኑም ጊዜውም በፎቶ ቤቱ እጅ ስለ ነበር የመሣሪያው ድክመት በባለሙያው ትዕግሥት ይካሳል።

ሁኔታው የተለወጠው ካሜራው ከፎቶ ቤት ሲወጣ ነው። ላይካ በ1925 በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ላይ 24 በ36 ሚሊ ሜትር የሆነ ምስል የሚያነሣ፣ በኮት ኪስ የሚያዝ ካሜራ ለገበያ አቀረበ። በ1929 ሮሌይፍሌክስ ተከተለ፤ ከላይ ወደ ታች የሚታይበት፣ 6 በ6 ሴንቲ ሜትር ምስል የሚሰጥ ባለ ሁለት ሌንስ ካሜራ ነው። በ1957 የወጣው ሀሰልብላድ 500ሲ ደግሞ የፊልም መያዣው ከጀርባው ስለሚነቀል ረዳት እያጎረሰ ባለሙያው ሳያቋርጥ እንዲሠራ አስቻለ። ለሠርግ አንሺ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም፤ በአንድ ጥቅል ፊልም 12 ምስል ብቻ በሚነሣበት ዘመን 12ኛው ምስል ሁልጊዜ ሙሽሪት ከመኪና ስትወርድ የሚያልቅ ይመስል ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ቴክኒካዊ ልዩነት ማብራራት ይገባል፤ ምክንያቱም ለሠርግ የሚሆነውን ካሜራ ከማይሆነው የለየው እርሱ ነውና። በላይካና በኋላ በ1959 በወጣው ኒኮን ኤፍ ውስጥ ሹተሩ ፊልሙ ፊት ለፊት የሚሮጥ መጋረጃ ነው። መጋረጃው በፍጥነት ሲሄድ መላው ፊልም በአንድ ጊዜ ስለማይገለጥ ፍላሽ የሚሠራው በዝግታ ብቻ ነው፤ በኒኮን ኤፍ ከሰከንድ 1/60ኛ አይበልጥም። በሮሌይፍሌክስና በሀሰልብላድ 500ሲ ግን ሹተሩ ሌንሱ ውስጥ እንደ አበባ ቅጠል የሚከፈት ስለ ሆነ ፍላሽ እስከ 1/500ኛ ድረስ ይታዘዛል። በቀትር ፀሐይ ነጭ ቬሎ የለበሰች ሙሽሪትንና ጥቁር ሱፍ የለበሰ ሙሽራን አንድ ላይ አቁሞ ፊታቸውን በፍላሽ ማብራት ለሚፈልግ ሰው ልዩነቱ የሥራው ግማሽ ነው። («ቬሎ» በጣሊያንኛ የራስ መከናነቢያው ብቻ ነው፤ አማርኛ መላውን ቀሚስ አልብሶታል።)

የዚህ ዘመን ካሜራ ዋጋ የሚተመነው በጆሮና በጣት ነበር ማለት ይቻላል። ልምድ ያለው ገዢ ሹተሩን በአንድ ሰከንድ ላይ አድርጎ ይተኩስና ያዳምጣል፤ ቅባቱ የደረቀ፣ ምንጩም የላላ ከሆነ አንድ ሰከንድ አንድ ሰከንድ ተኩል ይሆናል። ሌንሱን ወደ ብርሃን አዙሮ ያያል፤ እርጥበት ባለበት ስፍራ የተቀመጠ ሌንስ ውስጡ የሸረሪት ድር የሚመስል ሻጋታ ያበቅላል፤ ሻጋታውም ቆይቶ የብርጭቆውን ሽፋን ይበላል። የፊልም መያዣውን ጠርዝ ይዳስሳል፤ ማሸጊያው ካለቀ ብርሃን ያስገባል። አንድ ጥቅል ፊልም አንሥቶ ሳያሳጥብ ገንዘብ አይከፍልም። ልብ ሊባል የሚገባው እነዚህ ሁሉ ጉድለቶች በአገልግሎትም በመቀመጥም ሊመጡ መቻላቸው ነው። ቅባት የሚደርቀው ካሜራው ሳይሠራ ሲቆይ ነው፤ ሻጋታም ጨለማና እርጥበት ያለበትን መሳቢያ ይወዳል። ስለዚህ በዚህ ዘመን «ብዙም ያላገለገለ» የሚለው ምስጋና አንዳንዴ ማስጠንቀቂያ ነበር። ቋንቋው ግን ይህን የሚለይበት ቃል አላበጀም፤ ቢበጅ ኖሮ «የቦዘነ» ለማለት የሚከለክለን ነገር አልነበረም።

ዕድሜና አገልግሎት ፈጽመው የተለያዩት ኤሌክትሮኒክስ ሲገባ ነው። ሁለት ምሳሌዎች ይበቃሉ። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ የተሠሩ ብዙ ካሜራዎች የብርሃን መለኪያቸው የሜርኩሪ ባትሪ እንዲጎርስ ተደርጎ የተሠራ ነበር፤ ባትሪው በመርዛማነቱ ከገበያ ሲወጣ ካሜራዎቹ አንድም ብሎን ሳይላላባቸው መለኪያቸው ተሳሳተ። ካኖን ደግሞ በ1987 የሌንስ መግጠሚያውን ፈጽሞ ሲለውጥ የቀድሞዎቹ ሌንሶች በአዲሱ ቦዲ ላይ የማይገጥሙ ሆኑ፤ ብርጭቆው ያው ነው፣ ሥራው ያው ነው፣ የሚሸከመው ቦዲ ግን የመጨረሻው ተሠርቷል። በአንጻሩ ኒኮን በ1959 የጀመረውን መግጠሚያ ይዞ ስለ ቆየ አሮጌ ሌንሶቹ ለረጅም ጊዜ ገዢ አላጡም። የመጀመሪያዎቹን ምን እንበላቸው? አርጅተዋል ለማለት ዕድሜያቸው አይፈቅድም፤ አገልግለዋል ለማለት ሳጥናቸው ያልተከፈተም ነበሩ። የሒሳብ ሰዎች «የእርጅና ቅናሽ» የሚሉት ቃል ሰፊ ቢሆንም ምክንያቱን አይገልጽም። እኔ «ደጋፊ ያጣ» የሚለውን እመርጣለሁ፤ ዕቃው ራሱ አልተጓደለም፣ በዙሪያው ያለው ነገር ግን ጥሎት ሄዷል።

የዲጂታል ካሜራ መምጣት ነገሩን በሌላ አቅጣጫ አዞረው። ከኒኮን ዲ1 (1999) ወዲህ፣ በተለይም የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ስፋት ያለው ምስል ተቀባይ የያዘው ካኖን 5ዲ በ2005 ከወጣ በኋላ፣ የሠርግ አንሺዎች በብዛት ፊልምን ተዉ። ይህን ጊዜ በካሜራ ታሪክ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አገልግሎት በቁጥር የሚገለጽ ነገር ሆነ። ሹተሩ ስንት ጊዜ እንደ ተከፈተ ካሜራው ራሱ ይመዘግባል፤ ኒኮን ቁጥሩን በእያንዳንዱ ምስል ፋይል ውስጥ ሲጽፍ በ5ዲ ተከታታይ ካኖኖች ግን ከምስሉ አይገኝም፤ በልዩ ፕሮግራም ከካሜራው ይነበባል። አምራቾችም ሹተሩ የተፈተነበትን መጠን ያስታውቃሉ፦ ለ5ዲ 100,000፣ በ2008 ለወጡት ለ5ዲ ማርክ 2ና ለኒኮን ዲ700 150,000 ነው። እንግዲህ «ያገለገለ» የሚለው ቃል በመጨረሻ ትክክለኛ መስፈሪያ ያገኘ መሰለ። በአንድ ሠርግ ሁለት ሺሕ ምስል የሚያነሣ ሰው በአርባ ሠርግ 80,000 ይደርሳል፤ ከጥር እስከ ጥር የዐቢይን ጾም ብቻ እያረፈ የሚሠራ ሰው ካሜራ በሁለት ዓመት ውስጥ የት እንደሚደርስ መገመት ቀላል ነው። ገበያውም ተቀበለው፤ ሻጭና ገዢ እንደ መኪና ኪሎ ሜትር «ሹተር ካውንቱ ስንት ነው?» ይባባላሉ።

ነገር ግን መስፈሪያው እውነተኛ ቢሆንም የሚሰፍረው አንዱን ብልት ብቻ ነው። ሁለት ካሜራዎች ለሽያጭ ቀረቡ እንበል፦ አንዱ 30,000 ጊዜ የተኮሰ 5ዲ ማርክ 2፣ ሌላው 120,000 ጊዜ የተኮሰ፣ በ2012 የወጣው 5ዲ ማርክ 3። የሁለቱም ሹተር የተፈተነው ለ150,000 ነው። በ«ያገለገለ» ሚዛን የመጀመሪያው ይመረጣል፤ ያገለገለው አንድ አምስተኛውን ብቻ ነውና። ለሠርግ ግን እኔ ሁለተኛውን እመክራለሁ። ማርክ 2 አንድ ካርድ ብቻ ይጎርሳል፤ ያ ካርድ ከተበላሸ ሠርጉ በሙሉ ጠፋ። ማርክ 3 በሁለት ካርድ ላይ በአንድ ጊዜ ይጽፋል። ማርክ 2 በ9 ነጥብ ሲያነጣጥር ማርክ 3 በ61 ነጥብ ያነጣጥራል፤ ይህም ገና ጎሕ ሳይቀድ በሻማ ብርሃን ተክሊል በሚደርስበት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ዋና ነገር ነው። ማርክ 3 ድምፁን ዝቅ አድርጎ የመተኮስ ስልትም አለው፤ ካህኑ ሲጸልዩ ይህም አይናቅም። የደከመ ሹተር ደግሞ በገንዘብ ይለወጣል፤ ሁለተኛ የካርድ ማስገቢያ ግን ተገዝቶ አይጨመርም። ገዢው ከዋጋው ላይ የሹተር መለወጫውን ቀንሶ ቢደራደር ፍትሓዊ ነው። የቀረ አገልግሎትና ለሥራው መብቃት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም።

ቁጥሩም ቢሆን ዕድሜው ረጅም አልሆነም። በ2021 የወጣው ኒኮን ዜድ9 የሚንቀሳቀስ ሹተር የለውም፤ ምስሉ የሚቆረጠው በኤሌክትሮኒክስ ነው። «ሹተሩ ስንት ጊዜ ተኮሰ?» የሚለው ጥያቄ በዚህ ካሜራ ላይ ብልት የሌለው ሰው የብልቱን ድካም እንደ መጠየቅ ሆኗል። ገዢዎች ግን መጠየቁን አልተዉም፤ «ማሳጠብ» ከኬሚካሉ በኋላ እንደ ኖረ ይህም ቃል ከብልቱ በኋላ የሚኖር ይመስላል።

ከዚህ ሁሉ ለትርጉም ሥራ የሚወጡ ጥቂት ሐሳቦችን ልጥቀስ። የውጭ አገር የሽያጭ ሰነዶች ካሜራን በደረጃ ይከፋፍላሉ፤ ተርጓሚው ሁሉንም «ያገለገለ» ብሎ ሲያልፍ ገዢው የሚከፍልበትን ልዩነት ያጠፋበታል። ከሁሉ የላቀውን ደረጃ «እንደ አዲስ» ማለት የገበያውም ልማድ ስለ ሆነ ይበቃል፤ ሆኖም ይህ አገላለጽ የሚመሰክረው ስለ መልክ እንጂ ስለ ሹተር አለመሆኑ በአንድ ሐረግ ቢጨመር መልካም ነው። ሻጩ ለጉድለት ኀላፊነት አልወስድም ሲል የጨረታ ሰነዶቻችን ከጥንት ጀምሮ የሚጠቀሙበት «ባለበት ሁኔታ» አለልን፤ አዲስ ቃል መፍጠር አያስፈልግም። የማይሠራ ነገር ግን ብልቱ የሚሸጥ ካሜራ «ለመለዋወጫ» ነው። በአንዳንድ ትርጉሞች የሚታየውን «ጥቅም ላይ የዋለ» የሚለውን ተደራጊ ሐረግ አልደግፈውም፤ የውጩን ቃል ቅርጽ ይከተላል እንጂ አማርኛው በአንድ ቃል ከሚለው በላይ የሚጨምረው የለም።

ከሁሉ የሚያስቸግረው በፋብሪካ ወይም በነጋዴ ተከፍቶ፣ ተመርምሮና ጉድለቱ ተወግዶ ዳግም የሚሸጠው ነው። «የተጠገነ» ስንለው ተሰብሮ እንደ ነበር እናስመስላለን፤ እንዲህ ያለ ካሜራ ግን ብዙ ጊዜ ገዢው በሳምንቱ የመለሰው ብቻ ይሆናል። «የታደሰ» የተሻለ ነው፤ ቤትም መንበርም ይታደሳልና ቃሉ ክብር አለው። ይሁን እንጂ አድራጊውን ስለሚደብቅ ብቻውን ሊቆም አይገባም። አምራቹ ያደሰው ካሜራ የአምራቹ ዋስትና ይኖረዋል፤ ነጋዴ ያደሰው ግን ነጋዴው እስካለ ድረስ ብቻ ነው። ስለዚህ በመዝገበ ቃላቱ መግቢያ ቃል «የታደሰ» ቢሆንም በምሳሌው «በአምራቹ የታደሰ» እና «በሻጩ የታደሰ» ተብሎ ሁለት ጊዜ እንዲጻፍ ሐሳብ አቀርባለሁ።